መጨረሻው ማን ነው?

ዕድሜዬን ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም። ሥራዬን ብትጠይቁኝ ግን ደረቴን ነፍቼ እነግራችኋለሁ፤ የሰልፍ አለቃ ነኝ። ስሜ ይርገዱ ይባላል። የአገሬን ስም ተዉት፤ በእኔ ዕድሜ ሁለት ጊዜ ስለተቀየረ አንዳንዴ ለእኔም ይምታታብኛል።

ከተማችን አንድ እሑድ ጠዋት ለሁለት ተከፈለች። ሰው ቁርሱን በልቶ ሲወጣ አደባባዩ መሃል አጥር ቆሞ አገኘ። ከአጥሩ በላይ ያለው ላይ ከተማ፣ ከአጥሩ በታች ያለው ታች ከተማ ተባለ። እኔ የታች ከተማ ልጅ ነኝ። ላይ ከተማ ሁሉም ነገር አለ ይባል ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ ሁሉም ነገር ሊመጣ ነው ይባል ነበር። እስኪመጣ ድረስ እንሰለፋለን።

ሰልፍ ስል የዛሬ ልጆች መከራ ብቻ ይመስላቸዋል። መከራማ ነበረው፤ እግር ያብጣል፣ ወገብ ይቆረጣል። ግን ሰልፍ ላይ ያልተደረገ ነገር ምን አለ? ሽማግሌ የሚላከው ሰልፍ ላይ ነው። የተጣላ የሚታረቀው ሰልፍ ላይ ነው፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ የሰው ማጅራት እያየህ እስከ መቼ ታኮርፋለህ? አንዷ ጎረቤቴ ልጇን የወለደችው የሳሙና ሰልፍ ላይ ነው። ተራዋን አልለቀቀችም። መስኮቱ ጋ ስትደርስ አንድ ሳሙና ለእሷ፣ አንድ ሳሙና ለልጁ ተሰጣት፤ ማንም አላጉረመረመም፣ ልጁ ተራውን ጠብቋላ!

አለቃ የሌለው ሰልፍ ግን ግርግር ነው። የእኔ ሥራ እዚህ ላይ ይመጣል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው። አዲስ የመጣ ሰው «መጨረሻው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አለቃዋ ምንጊዜም ከሰው ሁሉ ኋላ ነው የምትቆመው። ስለዚህ «እኔ ነኝ፤ ግቡ፣ ከፊቴ» ትላለች። በዚህ የተነሳ በታች ከተማ መጨረሻ የሆነ ሰው የለም፤ ከእኔ በቀር። ከኋላው ሰው ያለ ሰው ደግሞ ተስፋ አይቆርጥም። ይህን ያስተማረችኝ ከእኔ በፊት የነበረችው አለቃ ናት፤ እሷም ቆማ ነው ያረጀችው።

ታዲያ ዕቃው የሚያልቀው እኔ ጋ ሲደርስ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ብርቱካን ደርሶኝ አያውቅም። ሽታውን ግን አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ከፊቴ ያሉት እየላጡ ነበር ወደ ቤታቸው የሚሄዱት።

አሁን አጥሩ እንዴት እንደወደቀ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ይዋሽበታል። የላይ ከተማ ሰዎች «በእኛ ንግግር ነው» ይላሉ። ያኔ የነበሩት ሹማምንት «በእኛ ስምምነት ነው» ይላሉ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አጥሩን የጣለው ጋሽ ድልነሳ ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር ነው።

ጋሽ ድልነሳ የሰፈራችን ሰዓት ጠጋኝ ናቸው፤ ቀስ ብለው የሚሄዱ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው። አንድ ቀትር ላይ በአጥሩ ሥር ሲያልፉ ጠጠሩ ገባባቸው። በአንድ እጃቸው የአጥሩን በር ተደግፈው፣ ጫማቸውን አውልቀው ማራገፍ ጀመሩ። በዚያ የምታልፍ ሴት አየቻቸው። ታች ከተማ ውስጥ ሰው የተዘጋ በር ፊት ቆሞ ካየህ ከኋላው ትቆማለህ፤ ምን እንደሚሰጥ በኋላ ይጠየቃል። ቆመች። ከእሷ ኋላ ሁለት ሰው ቆመ። ጋሽ ድልነሳ ክራቸውን አስረው ቀና ሲሉ አርባ ሰው ከኋላቸው ነበር።

«ኧረ እዚህ ምንም የሚሰጥ የለም!» አሉ፤ ሐቀኛ ሰው ናቸው።

«አይ! ምንም የለም ያሉትማ ብቻቸውን ሊወስዱት ነው» ተባባሉና ሰልፉ ባሰበት።

እኔ ተጠራሁ። መጣሁ፣ ሰልፉን አቃናሁ፣ እርጉዞችንና አሮጊቶችን ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩ፣ እንደ ልማዴ ከኋላ ቆምኩ። በስምንት ሰዓት ጭራው ወፍጮ ቤቱን አልፎ የወንዙ ድልድይ ደርሷል።

የአጥር ጠባቂው ደግሞ ሃያ ዓመት ያን በር የጠበቀ ሰው ነው። የሚሮጥ አይቷል፣ የሚዘል አይቷል፣ የሚሳደብ አይቷል። ለዚያ ሁሉ ትእዛዝ ነበረው። ተራውን ጠብቆ፣ አለቃ ሾሞ፣ ጸጥ ብሎ የቆመ ሕዝብ ግን አይቶ አያውቅም። እሱም የታች ከተማ ልጅ ነውና «እንዲህ ያለ ሰልፍ ያለ ፈቃድ አይቆምም፤ ደብዳቤው እኔን ዘሎኝ ነው» ብሎ አሰበ። ሰልፉን ሁሉ አልፎ እኔ ጋ መጣ።

«እትዬ ይርገዱ፣ ትእዛዙ ወጣ እንዴ?»

«ሰልፉ ቆሟል እኮ» አልኩት። አልዋሸሁም።

ቆቡን አስተካክሎ ተመለሰና በሩን ከፈተው። «አንድ በአንድ!» አለ። ሌላ ያለው ነገር የለም።

እንዲህ ነው አገር የተገናኘው። አንድ በአንድ። ከወዲያ በኩል የላይ ከተማ ሰዎች እጃቸው ላይ ያገኙትን ይዘው እየሮጡ መጡ፤ አንዱ ዳቦ፣ አንዱ አበባ፣ አንዱ ግራ ገብቶት መጥረጊያ። የማያውቁትን ሰው አቅፈው ይስማሉ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ያስደብቀኛል። ከበሩ አጠገብ ላቀች የምትባል፣ ባለ ሰማያዊ ሻሽ የላይ ከተማ ሴት፣ ለሚገባው ሁሉ ከቅርጫት ብርቱካን ታድላለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የእኔ ተራ ደረሰ። እጇን ቅርጫቱ ውስጥ ከታ ፈለገች፣ ፈለገች።

«ውይ! አለቀ እኮ!» አለች፤ ፊቷ ቀላ። «በይ እንኪ፣ ቅርጫቱን ውሰጂው። ባዶ እጅሽን አትግቢ።»

ቅርጫቱን ይዤ ገባሁ። ዛሬም አለ፤ ሽንኩርት አስቀምጥበታለሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ አገር ሆንን ተባለ። እሰይ! የቀረው ነጋሪት ብቻ ነው። ሱቁ ሞላ፤ ብርቱካኑም ሳሙናውም በየመደርደሪያው ተጎለተ። ማንም ሰው ብቻውን ገብቶ፣ ብቻውን አንስቶ፣ ብቻውን ይወጣል። የመጀመሪያውን ወር ስንበላ ከረምን። በሁለተኛው ወር እኔ ሥራ እንደሌለኝ ገባኝ።

መንግሥትም ይህን አላጣውም። «ማስተካከያ ቢሮ» የሚባል ተከፈተ። የታች ከተማ ሰው ሁሉ የድሮ ሙያውን ይዞ ይቀርባል፤ ቢሮው ደግሞ ከላይ ከተማ የሙያ መዝገብ ጋር ያስተያይና አዲስ ካርድ ይሰጣል። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠው አቶ ስንሻው የሚባል፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ልብሱ የማይጨማደድ የላይ ከተማ ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

«ሙያዎ ምንድን ነው፣ ወይዘሮ?»

«የሰልፍ አለቃ።»

መዝገቡን ገለጠ። አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሙያ አለበት። ዳክዬ ቆጣሪ አለ። ጺም አበጣሪ አለ። የደወል ድምፅ መርማሪ አለ፤ ያውም ረዳቱ ለብቻው ተመዝግቦ። ጣቱን ከላይ እስከ ታች አወረደ።

«የሰልፍ አለቃ የለም።»

«እኔ አለሁ እኮ፤ ፊትዎ ነው የቆምኩት።»

«እርስዎ አሉ፤ ሙያው ነው የሌለው። ምን ምን ይሠሩ ነበር?»

«እቆም ነበር።»

«መቆም ሥራ አይደለም፣ ወይዘሮ ይርገዱ» አለኝ፤ በትሕትና። ከዚያ ካርዴ ላይ ባማረ የእጅ ጽሑፍ ጻፈ፦ «ከዚህ በፊት የነበረ ሥራ፦ የለም።»

ያቺ ቃል! ሦስት ፊደል ናት። ከመስኮቱ ፈቀቅ ብዬ ደጋግሜ አነበብኳት። ሃያ ሁለት ዓመት እግሬ ያበጠው፣ ጠብ ያበረድኩት፣ ሕፃን ያዋለድኩት፣ ያን በር ያስከፈትኩት ሰልፍ የለም። እኔን ያናደደኝ እንጀራዬ አልነበረም፤ በኋላ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብቼ እንጀራዬን በልቻለሁ። እኔን ያናደደኝ ያቺ ቃል ናት። እሷን ሳላስፋቅ አልሞትም ብዬ ማልኩ።

እስከዚያው «ራስን ማስተዋወቅ» የሚባል ትምህርት ላኩኝ። አስተማሪዋ «መስታወት ፊት ቁሚና ተፈላጊ ነኝ በይ» ትለኛለች። «ማን ፈልጎኝ?» እላታለሁ። «ለጊዜው ማንም» ትለኛለች። ሰባት ጊዜ ላኩኝ። በሰባተኛው አስተማሪዋ ስለታመመች እኔው አስተማርኩ፤ ተማሪዎቹ ሁሉ አለፉ። ካርዴ ላይ ግን ንቅንቅ ያለ የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ዓመታት አለፉ። ውሸት አልናገርም፤ ብዙ ጥሩ ነገር መጣ። ጣሪያው ታደሰ፣ ወንዙ ጠራ፣ ሰው ያሰበውን ዞር ዞር ሳይል መናገር ጀመረ። ወጣቶቻችን ግን ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ወደ ላይ ሄዱ፤ ከላይ ደግሞ የሚያብራሩ ሰዎች ወረዱልን። የራሳችንን ወንዝ በየት በኩል እንደሚፈስ ሳይቀር አብራሩልን። እኛም ነቅናቂዎች ነን፤ ራሳችንን እየነቀነቅን እንሰማለን፣ ቤታችን ገብተን እንስቅባቸዋለን።

ከሁሉ የሚገርመው የአንድነት ለኪው ነው። በየዓመቱ በአንድነት በዓል ዋዜማ አንድ ሹም ሜትርና መዝገብ ይዞ ይመጣና ምን ያህል አንድ እንደሆንን ይለካል። ልዩነቱን ለመለካት ደግሞ አጥሩ የት እንደነበር መታወቅ አለበት። ስለዚህ አጥሩ በነበረበት ላይ ቀይ መስመር ተሰመረ። ቀለሙ በሰው እግር እየለቀቀ ስላስቸገረ በየዓመቱ ይታደሳል። ለኪው ግራና ቀኝ ቆሞ ይጠይቃል፣ ይደምራል፣ ያካፍላል፣ መጨረሻ ላይ «ሊደርስ ነው» ብሎ ይጽፋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ሊደርስ ነው»። እኛ ታችኞች ቃሉን ስለምናውቀው ደስ ይለናል።

ልጆቹ መስመሩን አያውቁትም። የሆነ የእግር ኳስ መስመር መስሏቸው ይጫወቱበታል።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ፣ አጥሩ ከወደቀ በሠላሳኛው ዓመት፣ የድሮው ሳሙና ቤት ፊት ሳልፍ ጋሽ ድልነሳን አገኘኋቸው። ሳሙና ቤቱ ከተዘጋ ዘመን አልፎታል። እሳቸው ሰማንያ አልፏቸዋል። የተዘጋውን በር ተደግፈው ጫማቸውን ያራግፋሉ።

«ዛሬም ጠጠር?» አልኳቸው።

«የእኔ ጫማና የዚህ አገር ጠጠር ዝምድና አላቸው» አሉ።

ሳላስበው ከኋላቸው ቆሜአለሁ። እግር ልማዱን መች ይረሳል። ወሬ ጀመርን። ያቺ ሳሙና ሰልፍ ላይ የወለደችው ጎረቤቴ በዚያ ስታልፍ አየችንና ዓይኗ በራ፤ «መጨረሻው ማን ነው?» አለች። «እኔ ነኝ፤ ግቢ፣ ከፊቴ» አልኳት። እስከ ቀትር አሥራ አንድ ሆንን። ምንም አልተሰጠም፤ ሁላችንም ጠግበን ተመለስን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሠላሳ ሆንን። በአራተኛው ቅዳሜ የላይ ከተማ ሰዎች መጡ። መጀመሪያ ዳር ቆመው «ምንድን ነው የሚሰጠው?» ይሉናል። «ተራ ነው የሚሰጠው» እንላቸዋለን። ከመካከላቸው አንዲት ባለ ሰማያዊ ሻሽ ሴት ከፊቴ ገባችና ሽንኩርት ገዝቼበት የነበረውን ቅርጫት አተኩራ አየች።

«ይሄ ቅርጫት የኔ ነበር እንዴ?»

ላቀች ነበረች! ተቃቅፈን ቀረን። ባሏ ሞቷል። አሥራ ሁለት ቤት ባለበት ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ጎረቤቶቿን የምታውቃቸው በጫማቸው ኮቴ ነው። «ከላይ ያለችው ረጅም ተረከዝ ናት» አለችኝ። «ስሟን አላውቅም። አንድ ቀን ኮቴዋ ጠፋ፤ ታማ ይሁን ሄዳ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።» ከዚያ ወዲያ አንድም ቅዳሜ አልቀረችም።

ኢድሪስም መጣ። ኢድሪስ ጦርነት ካጠፋው አገር በባሕር የመጣ ሰው ነው፤ እዚያ ድልድይ ሠሪ ነበር። ማስተካከያ ቢሮ ካርዱ ላይ ምን እንደጻፈለት መገመት አያቅታችሁም። ሁለታችን ካርዳችንን አስተያይተን ሳቅን፤ የእጅ ጽሑፉ አንድ ነው። ለእሱ ሰልፍ ማስረዳት አላስፈለገም፤ በሦስት አገር ድንበር ቆሞበታል። «እንደዚህ የሚሳቅበት ግን የመጀመሪያዬ ነው» አለ።

እንዲህ ሁለት መቶ ስንደርስ ደብዳቤ መጣ። በአገራችን ከሰባት ሰው በላይ ሆኖ ያለ ማኅበር መቆም ክልክል ነው። እኛ ዘንድ ማኅበር የሌለው ነገር የለም፤ የጥንቸል አርቢዎች ማኅበር አለ፣ ማኅበር የማይወዱ ሰዎች ማኅበር እንኳ አለ። ይኸኛው በዓመት ሁለት ጊዜ ስብሰባ ይጠራል፣ ማንም አይመጣም፣ ቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ» ተብሎ ይዘጋል። ደብዳቤው በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልተመዘገባችሁ ሰልፉ ይበተናል ይላል። ለመመዝገብ ደግሞ በመስኩ የአሥር ዓመት ልምድ ያለው መሪ ያስፈልጋል።

ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ ካርዴን አየሁት። የለም።

ላቀች እጄን ያዘች። «አንቺዬ፣ ይሄ ሰልፍ ከተበተነ እኔ ተመልሼ ኮቴ ልቆጥር ነው?» አለች። እንዲያ ስትል ያ የድሮ ንዴቴ ተነሳብኝ።

ሰኞ ጠዋት ማስተካከያ ቢሮ ሄድኩ። በሩ ላይ የተራ ቁጥር የሚተፋ ማሽን አለ፤ «በዚህ ቢሮ ሰልፍ የለም» የሚል ጽሑፍም በኩራት ተሰቅሏል። አቶ ስንሻው እዚያው መስኮት፣ እዚያው ወንበር ላይ ነው። ጸጉሩ ሸብቷል። ልብሱ ዛሬም አይጨማደድም።

«አስታወሱኝ?»

«ዳክዬ ቆጣሪዋ?»

«የሰልፍ አለቃዋ!»

«አዎ፤ የሌለው ሙያ» አለ፤ አሁንም በትሕትና። ነገሬን አስረዳሁት። ብዙ ገጽ ገለበጠ። «አንድ አንቀጽ አለ» አለ በመጨረሻ። «መዝገብ ላይ የሌለ ሙያ፣ የተጠቀሙበት ሰዎች ራሳቸው እዚህ መስኮት ቀርበው ከመሰከሩ ሊገባ ይችላል። ግን ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም።»

«ስንት ሰው ይበቃል?»

«አንቀጹ የቀረበውን ሁሉ ይላል።»

«እንግዲያው መስኮቱን አይዝጉት።»

በማግስቱ ከተማው ወጣ። ታችኛውም፣ ላይኛውም፣ በባሕር የመጣውም። ማሽኑ ዘጠና ዘጠኝ ቁጥር ተፋና ዝም አለ፤ መቶ የሚባል ነገር አልተማረም። ያኔ ነው ጉዱ የታየው። የላይ ከተማ ሰዎች በማሽን ያደጉ ናቸው፤ ቁጥር ሲጠፋ አንዱ ባንዱ ላይ ወጣ። ክርን ተማታ፣ መነጽር ተሰበረ፣ አንድ ቁመተ ረጅም ሰው በስህተት መስኮቱ ውስጥ ተገፍቶ ግማሽ አካሉ ከአቶ ስንሻው ጠረጴዛ ላይ ሆነ። አቶ ስንሻው ነጭ ወረቀት መሰለ። ለዚህ አንቀጽ አልነበረውም።

እኔ ከበሩ ወጣሁ። ከደረጃው ግርጌ፣ ከሁሉም ኋላ ቆምኩና ሠላሳ ዓመት ባልተጠቀምኩበት ድምፄ ጮህኩ።

«መጨረሻው ማን ነው?»

ጸጥ አለ። ታችኞች ሳያስቡት ቀጥ አሉ፤ አጥንታቸው ያውቀዋል። ላይኞች እነሱን አይተው ቀጥ አሉ። «እኔ ነኝ!» አልኩ፤ ራሴው ጠየቅኩ፣ ራሴው መለስኩ። «ሁላችሁም ከፊቴ! እርጉዝ ወደ ጥላ፣ ሽማግሌ ወደ ወንበር፣ አንተ ረጅሙ ከመስኮቱ ውረድ!» በቡና መጠጫ ጊዜ ውስጥ ሰልፉ ተቃና። ከመስኮቱ ተነስቶ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ አደባባዩን አቋርጦ፣ በቀዩ መስመር ላይ አልፎ የወንዙ ድልድይ ደረሰ። አቶ ስንሻው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ እስከ ጭራው አየ። ከዚያ እስክሪብቶውን ቀለም ሞላ።

አንድ በአንድ መሰከሩ። ጋሽ ድልነሳ መጀመሪያ ገቡ። «ሚስቴን ያገኘኋት የሳሙና ሰልፍ ላይ ነው። ከፊቴ ሦስተኛ ነበረች። ይህቺ ይርገዱ ቦታችንን በብልሃት እያቀራረበች አጠገቧ አደረሰችኝ» አሉ። እኔ የማያውቁ መስሎኝ ነበር!

ያ ሰልፍ ላይ የተወለደው ልጅ፣ አሁን መላጣ፣ «የመጀመሪያ ሳሙናዬን ያሰጠችኝ እሷ ናት» አለ። ላቀች «የጎረቤቴን ስም አሁን አውቀዋለሁ፤ ሰልፍ ላይ ነው ያገኘኋት» ብላ መሰከረች። ኢድሪስ ሲደርስ ካፖርቱን ቆለፈ። «በዚህ አገር ሁሉም ሰው ከየት እንደመጣሁ ይጠይቀኛል» አለ። «እዚያ ሰልፍ ላይ የጠየቁኝ ከማን ቀጥሎ እንደሆንኩ ነው።»

መሃል ላይ የአንድነት ለኪው ሜትሩን ይዞ መጣ፤ ለካ የበዓሉ ዋዜማ ነበር። ቀዩን መስመር ፈለገው፤ ስንት ሺህ እግር ረግጦት ለቋል። የትኛው ታችኛ፣ የትኛው ላይኛ እንደሆነ ለመጠየቅ ቢጠጋ «ተራህን ጠብቅ!» ተባለ። ገብቶ ቆመ። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ለምን እንደመጣ ስለጠፋው እሱም መሰከረልኝ።

ሦስት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት የእኔ ተራ ደረሰ። አቶ ስንሻው ካርዴን ተቀበለኝ። ሦስቷን ፊደል በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዛት፤ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ ባማረ የእጅ ጽሑፉ ጻፈ፦ «የሰልፍ አለቃ፣ ሃያ ሁለት ዓመት።» በመዝገቡም አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሦስተኛ አድርጎ አስገባው።

«ረዳትስ?» አልኩት።

«ረዳት አለዎት?»

«ኢድሪስ ነው፤ ግን እሱ ድልድይ ሠሪ ነው። የሚመሰክርለት ሰው ከየትም ይመጣል፤ የሠራውን ድልድይ ፎቶም ይዟል። ሰኞ እንሰለፍለታለን።»

አቶ ስንሻው ፈገግ አለ። ጥርስ እንዳለው ያን ቀን አወቅኩ።

ካርዱን ከፍ አድርጌ ስወጣ እልልታው ድልድዩ ድረስ ተሰማ። ያኔ መስክሮ ከቆመው ሕዝብ መሃል የሆነ ነገር ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ወደ እኔ መጣ። ላቀች ነበረች የላከችው፤ ሁለት መቶ እጅ ነክቶት፣ ማንም ሳይልጠው እኔ ጋ ደረሰ። ብርቱካን ነው። ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ ደረሰኝ። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ ላጥኩት፤ ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ። እንባዬና ጭማቂው ተቀላቅሎ ምን እንደበላሁ አላውቅም፤ ጣፋጭ ነበር።

ኢድሪስም ሰኞ አገኘ። ሰልፋችን ተመዘገበ፤ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ላቀች ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሙና ቤቱ ፊት እንቆማለን። ባለፈው አንድ ነጋዴ ሕንጻውን ተከራይቶ በሩን ሊከፍተው መጣ፤ «ኧረ እባክህ ዝጋው!» ብለን መለስነው።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ አንድ ሰው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ብዙ ሰዓት ሲያየን ዋለ። ሹራብ ለብሷል፤ ሹራቡ ተጨማዷል፤ ስለዚህ ወዲያው አላወቅኩትም። መንገዱን ተሻገረ። አቶ ስንሻው ነው። እጁ ላይ አዲስ ካርድ ይዟል፤ ጡረታ ከወጣ ገና ሦስት ቀኑ። ካርዱን ሳልጠይቀው አሳየኝ። ሌላ ሰው፣ ባማረ የእጅ ጽሑፍ «አሁን ያለበት ሥራ፦ የለም» ብሎ ጽፎለታል።

ከፊቱ ያለውን ሰልፍ አየ፣ እኔን አየ።

«እትዬ ይርገዱ፣ መጨረሻው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ይግቡ፣ ከፊቴ።»